አንዲት ቀይ የሮማ ገል እጄ ገባች፤ ቅቧ ምንድን ነው? ስሙስ የማን ነው?

ገል አጣቢዋ (ኬንት፣ እንግሊዝ)

ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከቤቴ ብዙ የማይርቅ ቁፋሮ ላይ በፈቃደኝነት አግዛለሁ። ሥራዬ ቀላል ነው። ከጉድጓድ የወጣውን ገል በጥርስ ብሩሽ አጥባለሁ፣ ጋዜጣ ላይ ዘርግቼ አደርቃለሁ። አብዛኛው ግራጫና ቡኒ ነው፤ ውሃ ሲነካው ይመጠዋል፣ ጭቃውም ቶሎ አይለቅም።

ባለፈው ቅዳሜ ግን አንዷን ገና ውሃ ውስጥ ስነክራት ጭቃዋ ሙልጭ ብሎ ወረደ። እጄ ላይ የቀረችው ቀይ፣ ለስላሳ፣ መብራት የምታንጸባርቅ የኩባያ ታች ናት። መዳፌን እንኳ አትሞላም። የተሰበረችበት በኩል ሐመር ሮዝ ነው፣ ውስጡም የአሸዋ ቅንጣት የሚያህሉ ነጫጭ ነጥቦች አሉበት። መሀሏ ላይ በትንሽ ሞላላ ማኅተም የተመታ ጽሑፍ አለ፤ ኦ፣ ኤፍ፣ ቪ፣ አይ፣ ቲ፣ ኤ። ከስብራቱ አጠገብ ደግሞ ምስማር የሚያሳልፍ ክብ ቀዳዳ አለ።

አስተባባሪያችን አየችና «ሳሚያን የሚሉት የሮማውያን ቀይ የገበታ ዕቃ ነው፣ ወደ ሁለት ሺህ ዓመት ይሆነዋል» ብላ ወደ ሌላ ሥራ ሄደች። እኔ ግን ሳምንቱን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣ አለችኝ። ሁለት ነገር ንገሩኝ። አንደኛ፣ ይሄ የሚያብረቀርቀው እንደ ዛሬው ሳህን ግሌዝ ነው? ሁለተኛ፣ ጽሑፉ የማን ስም ነው?

ሸክላና እሳት

እህቴ፣ ግሌዝ አይደለም። ብዙ መጽሐፍ «ቀይ ግሌዝ የተቀባ» ብሎ ስለሚጽፍ ሰው ይሳሳታል። ግሌዝ ማለት እሳት ውስጥ ቀልጦ ብርጭቆ የሚሆን ቅብ ነው። ያንቺ ገል ላይ ያለው ግን የራሱ የአፈሩ ወዝ ነው።

እንዲህ ነው የሚሠራው። ሸክላ አፈር በብዙ ውሃ ትበጠብጪና እንዲረጋ ትተዪዋለሽ። አሸዋውና ሻካራው ወደ ታች ይዘቅጣል። በጣም ደቃቁ ብቻ ውሃው ላይ ተንሳፎ ይቀራል። ያንን ቀስ ብለሽ ትቀጂዋለሽ፣ ዝቃጩን ትደፊዋለሽ። የደረቀውን ዕቃ እዚያ ውስጥ ነክረሽ ስታወጪው ከጸጉር የሳሳ ልባስ ይይዛል። የደቃቁ አፈር ቅንጣቶች ዝርግ ስለሆኑ ልክ እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርበው ይተኛሉ፣ ብርሃኑም ከዚያ ነው የሚመጣው። ከዚያ 1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲተኮስ ልባሱ ይጠብቅና ውሃ የማያሳልፍ ይሆናል። ለዚህ ነው ጭቃው ሙልጭ ብሎ የለቀቀሽ።

ቀዩ ቀለም አፈሩ ውስጥ ያለው ብረት ነው። እቶኑ ውስጥ ንጹሕ አየር ካለ ብረቱ ይቀላል፣ ጭስ ከገባ ይጠቁራል። ግሪኮች ከዚያ በፊት የሚሠሩት ያ የሚያምር ጥቁር ዕቃ እኮ በዚሁ መንገድ ነው የሚወጣው፣ ሆን ብለው አየሩን እየዘጉ ያጠቁሩት ነበር። ቀዩን የሚሠሩት ግን ጭሱ ዕቃውን ጨርሶ እንዳይነካው ማድረግ ነበረባቸው። በደቡብ ፈረንሳይ ያሉት ትላልቅ እቶኖች ውስጥ የሸክላ ቧንቧ ደርድረው እሳቱና ጭሱ በቧንቧው ውስጥ ብቻ እንዲያልፍ አደረጉ፤ ዕቃው በሙቀቱ ብቻ ይበስላል። ይሄንን ስታስቢው የምር ይገርማል። እኔ በትንሽ የእንጨት እቶን ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቱንም ጊዜ ጥቁር ነጠብጣብ ይዞ ወጣብኝ፤ የልባሱ ነገር ሳይሆን የጭሱ ነገር ነው ያስቸገረኝ።

አንድ ነገር እዪልኝ። ገልሽን ገልብጫትና የእግሯን ቀለበት ተመልከቺ። ዕቃውን ሲነክሩት በታቹ ይዘው ስለሆነ ጣታቸው ያረፈበት ቦታ ብዙ ጊዜ ልባስ ሳይነካው ይቀራል።

የጥንት ዕቃ

ስሙን እኔ ልመልስ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊደሎች «ኦፊኪና» የሚለው የላቲን ቃል ማሳጠሪያ ናቸው፣ ዎርክሾፕ ማለት ነው። የቀረው ቪታሊስ የሚለው ስም በአጭሩ ነው። «የቪታሊስ ዎርክሾፕ» ይላል ማለት ነው። ሌሎች ላይ ደግሞ በኤፍ ብቻ የሚያልቅ ታገኛላችሁ፤ «ፌኪት»፣ ማለትም «ሠራው»። በኤም ሲያልቅ «በእገሌ እጅ» ነው።

ቪታሊስ የሚባሉ ሸክላ ሠሪዎች ከአንድ በላይ አሉ፤ ግን አንቺ የነገርሽን ሐመር ሮዝ ስብራትና ነጫጭ ነጥቦች ወደ ላ ግሮፈሰንክ ይወስደናል። ነጥቦቹ ኖራ ናቸው። ላ ግሮፈሰንክ በደቡብ ፈረንሳይ ዛሬ ሚዮ የምትባለው ከተማ አጠገብ፣ ታርን እና ዱርቢ ወንዞች የሚገናኙበት ቦታ ነው። በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን ከዚያች ትንሽ ሰፈር የወጣ ሳህን ከስኮትላንድ ድንበር እስከ ሰሜን አፍሪካ ተበልቶበታል። የዚያ ቦታው ቪታሊስ በክፍለ ዘመኑ ሁለተኛ አጋማሽ የሠራ ነው፤ እንግሊዝ ውስጥ ማኅተሙ በብዛት ይገኛል።

የኩባያዋ ግድግዳ የተረፈ ነገር አለው? አንድ ወጥ ጉብታ ነው ወይስ ሁለት፣ መሀሉ የታነቀ?

ገል አጣቢዋ (ኬንት፣ እንግሊዝ)

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ አስፈቅጄ ገልብጬ አየኋት። ሸክላና እሳት ያልከው እውነት ነው! የእግሯ ቀለበት ላይ ሁለት ሞላላ ቦታ ቀይ ልባስ የለውም፣ አንዱ ላይ የጣት መስመር ሁሉ ይታያል። ጣቴን አስጠጋሁት፣ ከእኔ አውራ ጣት ትንሽ ይሰፋል። ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ ያዝኳት።

ግድግዳዋ በአንድ በኩል ትንሽ ተርፏል። ወደ ውጭ ጉብ ብሎ ይታነቅና ከዚያ እንደገና ሊነሳ ሲል ተሰብሯል።

የጥንት ዕቃ

በቃ፣ ድራገንዶርፍ 27 ናት። ሃንስ ድራገንዶርፍ የሚባል ጀርመናዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1895 የእነዚህን ዕቃዎች ቅርጽ በቁጥር ለይቶ አወጣ፤ እስከ ዛሬ በዚያው ቁጥር ነው የምንጠራቸው። 27 ባለ ሁለት ጉብታዋ ኩባያ ናት። 29 እና 37 በሥዕል የተጌጡት ጎድጓዳ ሳህኖች ናቸው። ይሄ ነገር ለቁፋሮ ሰው ወርቅ ነው። ቅርጹና ማኅተሙ ተደምረው አንድን የአፈር ንብርብር በጥቂት አሥርት ዓመታት ልዩነት ዕድሜውን ይነግሩሃል፤ ሳንቲም እንኳ ብዙ ጊዜ እንደዚህ አይታመንም፣ ምክንያቱም ሳንቲም መቶ ዓመት ኪስ ለኪስ ሊዞር ይችላል።

ጥያቄ አለኝ

ይቅርታ፣ በመሀል ልግባ። ሳሚያን ካላችሁት የግሪኳ የሳሞስ ደሴት አይደለችም እንዴ? አሁን ደግሞ ፈረንሳይ አላችሁ። ሌላ ቦታ «ቴራ ሲጊላታ» ሲሉትም አንብቤያለሁ። ግራ ገባኝ።

ጋሼ መዝገቡ

ልጄ፣ ግራ ቢገባህ አይፈረድብህም፤ ስሙ ራሱ የተደበላለቀ ነው። የሮማው ጸሐፊ ሽማግሌው ፕሊኒየስ ስለ ሸክላ በጻፈበት ቦታ ሳሞስ ዛሬም በገበታ ዕቃዋ ትመሰገናለች፣ በኢጣሊያ ደግሞ አሬጾ ስሟን እንደያዘች ናት ይላል። የኋላ ዘመን እንግሊዛውያን ቀይ ዕቃ ከመሬታቸው ሲወጣ «ይሄ ነው የሳሞሱ» ብለው ስም አወጡለት፣ በዚያው ቀረ። እንግሊዝ ውስጥ ከሚወጣው አንዱም ከሳሞስ አልመጣም ብል ብዙ አልሳሳትም። ቴራ ሲጊላታ «ማኅተም ያለበት አፈር» ነው፤ እሱም ስሙ ቀድሞ የሌምኖስ ደሴት የመድኃኒት አፈር ስም ነበረ፣ በማኅተም ተመትቶ የሚሸጥ። ሮማውያን ራሳቸው ዕቃቸውን እንዲያ ብለው አልጠሩትም።

መነሻው አሬጾ ናት፣ ቶስካና ውስጥ። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ40 እስከ 30 ባለው ጊዜ ገደማ ነው ከጥቁሩ ወደ ቀዩ የዞሩት። ፔሬንኒዩስ፣ ራሲኒዩስ፣ አቴዩስ የሚባሉ ባለቤቶች ነበሩ። ሥራውን በእጅ የሚሠሩት ብዙዎቹ ባሮች ናቸው፣ አንዳንዱ ማኅተም ላይ የባሪያው ስም ከጌታው ስም ጋር አብሮ ይገኛል። አቴዩስ ወደ ፒሳም ወደ ሊዮንም ቅርንጫፍ ከፍቷል።

እኔን ግን ከሁሉ በላይ የሚደንቀኝ የአሬጾ ሰዎች ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1282 ሪስቶሮ የሚባል የከተማዋ መነኩሴ፣ ከመሬት የሚወጣውን የጥንት ዕቃ ሲያዩ ሥዕል የሚያውቁ ሰዎች ከደስታ ብዛት እንዴት እንደሚሆኑ ጽፎ አስቀምጧል። ከዚያ በኋላ ደግሞ ጆርጆ ቫዛሪ፣ የሠዓሊዎችን ታሪክ የጻፈው፣ ስሙ ራሱ «ሸክላ ሠሪ» ከሚለው ቃል የመጣ ነው። አያቱ በአሬጾ ሸክላ ሠሪ ነበሩ፤ የጥንቱን እቶን ቅሪት ቆፍረው አገኙ፣ ከውስጡም አራት ያልተሰበሩ ዕቃዎች አውጥተው ለፍሎረንሱ ገዥ ለሎሬንሶ ዴ ሜዲቺ ሰጡ። ይህንን የልጅ ልጃቸው ነው የነገረን።

ሐቁን እንነጋገር

ሁላችሁም በጣም አገነናችሁት። ሀብታሙ የሚበላው በብር ነበር፤ ይሄ ሸክላ ነው፣ ያውም በገፍ የተመረተ። ማኅተሙም የሠዓሊ ፊርማ ሳይሆን የፋብሪካ ምልክት ነው። ጥበብ ብላችሁ ባትጠሩት ደስ ይለኛል።

ሸክላና እሳት

ብሩን በተመለከተ እውነትህን ነው፣ ቅርጾቹ ብዙዎቹ ከብርና ከነሐስ ዕቃ የተቀዱ ናቸው። በገፍ መመረቱም እውነት ነው። ግን «በገፍ» ስለሆነ ጥበብ አይደለም የሚለውን አልቀበልም።

የተጌጠውን ሳህን አሠራር ስማ። መጀመሪያ የአንበሳ፣ የጥንቸል፣ የወይን ሐረግ ትንንሽ ማኅተሞች ይቀረጻሉ። ከዚያ ወፍራም የሸክላ ፎርማ ይሠራና እርጥብ እያለ ማኅተሞቹ ከውስጥ በኩል ይጫኑበታል። ፎርማው ይተኮሳል። ከዚያ በመንኮራኩሩ ላይ ተቀምጦ ጭቃው ውስጡ ይጫናል፣ ጠርዙ ወደ ላይ ይሳባል። ጭቃው ሲደርቅ ስለሚኮማተር ከፎርማው በራሱ ለቆ ይወጣል፣ ሥዕሉም ጉብ ብሎ ይታያል። በመጨረሻ እግሩ ይቀጠላል። የሚኮማተርበትን መጠን፣ የሚለቅበትን ሰዓት፣ ልባሱና አካሉ እኩል እንዲኮማተሩ የአፈሩን ምርጫ ማወቅ አለብህ። አንዱ ከተሳሳተ ልባሱ ይላጣል። በሺህ የሚቆጠር ዕቃ ላይ ያንን ሳይስቱ መሥራት ለእኔ ትልቅ ጥበብ ነው።

የጥንት ዕቃ

«ፋብሪካ» ስላልክ ወንድሜ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ላ ግሮፈሰንክ ላይ የተገኘው ነገር ይሄንን ቃል ትንሽ ያስተካክለዋል።

እዚያ ቦታ ሳህን ላይ ተጭረው የተጻፉ ዝርዝሮች ተገኝተዋል፣ ቁጥራቸውም ብዙ ነው። ጭቃው ገና ሳይተኮስ በሹል ነገር የተጫሩ ናቸው፤ ከዚያ ሳህኑ ከሌላው ዕቃ ጋር እቶን ገብቶ በስሏል። አናቱ ላይ ስንተኛው ተኩስ እንደሆነ ይጻፋል። ከዚያ በየመስመሩ የሸክላ ሠሪው ስም፣ የዕቃው ዓይነት፣ መጠኑና ብዛቱ ይከተላል። ፌሊክስ፣ ካስቶስ፣ ኮርኑቶስ፣ ዴፕሮሳጊ እያለ ይሄዳል። ሳህኑም፣ ኩባያውም፣ የቀለም ቢልቃጡም ሳይቀር ተቆጥሯል። አንዳንዱ ዝርዝር ሲደመር በአንድ ተኩስ ብቻ ሠላሳ ሺህ ገደማ ይደርሳል። የተቆፈረው ትልቁ እቶን ርዝመቱ ከ11 ሜትር በላይ ስለሆነ ቁጥሩ የሚያስገርም አይደለም።

ታዲያ ምን ማለት ነው? አንድ ጌታ ያለው ፋብሪካ ቢሆን ይሄ ሁሉ የስም ዝርዝር ባላስፈለገ። በየዎርክሾፓቸው የሚሠሩ ብዙ ሰዎች ዕቃቸውን አምጥተው አንድ ትልቅ እቶን ላይ በጋራ ያስተኩሳሉ፣ አንዱ ጸሐፊ ደግሞ የማን ስንት እንደሆነ ይይዛል። ተኩሱ ሲያልቅ ሁሉም የራሱን ይወስዳል። ማኅተሙም አንዱ ጥቅሙ ይሄ ሊሆን ይችላል፤ ሠላሳ ሺህ ቀይ ዕቃ ተደበላልቆ ሲወጣ ያንተን በምን ትለየዋለህ?

ሌላው ደግሞ ቋንቋው ነው። ከዝርዝሮቹ ብዙዎቹ ላቲንና የጎል (የጥንቷ ፈረንሳይ) ሕዝብ የራሱ ቋንቋ የተቀላቀለባቸው ናቸው። የጎል ቋንቋ በጽሑፍ የተረፈው በጣም ጥቂት ነው፤ ከ«አንደኛ» እስከ «አሥረኛ» እንዴት እንደሚቆጥሩ የምናውቀው በነዚህ የሸክላ ሠሪዎች የሒሳብ ሳህኖች ነው። አምስተኛውን «ፒንፔቶስ»፣ አሥረኛውን «ዴካሜቶስ» ይሉ ነበር። ያ ጸሐፊ የሚያስበው ስለ ሳህኑ ቁጥር ብቻ ነበር፣ ለእኛ ግን የሞተ ቋንቋ ቁጥር አስተረፈልን። እኔ ይሄንን ባሰብኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

ሐቁን እንነጋገር

የዝርዝሩን ነገር አላውቅም ነበር። የጋራ እቶን ከሆነ ሐሳቤን አስተካክላለሁ። ግን ከዚያ ተራራ መሀል እንግሊዝና ኢጣሊያ ድረስ እንዴት ሄደ? ሸክላ ይሰበራል እኮ።

ጋሼ መዝገቡ

በበቅሎ እስከ ደቡብ ፈረንሳይዋ ወደብ ናርቦን፣ ከዚያ በመርከብ። ከስፔን ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ካላ ኩሊፕ ላይ የሰመጠች አንዲት ትንሽ መርከብ ተገኝታለች፤ ከላ ግሮፈሰንክ የመጣ ከ2000 በላይ ቀይ ዕቃ ጭና ነበር፣ ከወይራ ዘይት እንስራዎች ጋር። ከ100 ዓመት በኋላ ደግሞ ገበያውን የማዕከላዊ ፈረንሳይዋ ለዙ ስትወስደው፣ የእሷን ዕቃ የጫነ መርከብ እዚያው አንቺ ያለሽበት ኬንት አጠገብ፣ የቴምዝ ወንዝ ባሕር በሚገባበት ሰጠመ። ዓሣ አጥማጆች ለዘመናት በመረባቸው ሙሉ ሳህን ያወጡ ነበር፣ ቤታቸው ወስደው ፑዲንግ ይጋግሩበት ነበር ይባላል። ቦታው እስከ ዛሬ «ፑዲንግ ፓን» ነው የሚባለው።

ስለ ኢጣሊያው ደግሞ የፖምፔይን ሣጥን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ79 ቬሱቪየስ ሲፈነዳ ከተማዋ ውስጥ ገና ያልተከፈተ አንድ ሣጥን ነበር። ውስጡ 90 ያጌጡ የጎል ጎድጓዳ ሳህኖችና 37 ኩራዞች ነበሩ። እስቲ አስቡት፣ ጎል ውስጥ የተሠራ ሳህን ለኢጣሊያ ሰው ሊሸጥ መጥቶ! ከአሬጾ ተምረው አሬጾን በራሷ ገበያ ገቡባት። ሣጥኑን ማንም አልከፈተውም።

የአዱሊስ ልጅ

በጣም ደስ የሚል ውይይት ነው። ወደ እኛ በኩልስ መጥቶ ይሆን? አዱሊስ ወደብ ነበረች እኮ።

የጥንት ዕቃ

ጥሩ ጥያቄ ነው። ወደ ሕንድ መሄዱ የተረጋገጠ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1945 ብሪታኒያዊው አርኪዮሎጂስት ሞርቲመር ዊለር ደቡብ ሕንድ አሪካሜዱ ላይ ሲቆፍር የአሬጾን ቀይ ገል አገኘ፣ በእሱም ነው የቦታውን ዕድሜ ያወቀው። የሕንድ መርከቦች የሚሄዱት ደግሞ በቀይ ባሕር ነው። የመጀመሪያው ክፍለ ዘመን የባሕር ነጋዴ መመሪያ አዱሊስ የሚገባውን ሸቀጥ ሲዘረዝር ወይን፣ የወይራ ዘይት፣ ብርጭቆ፣ መጥረቢያ ይላል፤ ቀይ ሳህን አይልም። ስለዚህ ለአዱሊስ ዋና ሸቀጥ ነበር ለማለት አልደፍርም። ከዚያ ብዙ ዘግይቶ ግን ከዛሬዋ አቃባ የመጡ እንስራዎች አዱሊስም አክሱምም ተገኝተዋል።

እኔን የሚማርከኝ ግን ሌላ ነው። የአክሱም ሸክላ ሠሪዎችም ቀይ፣ የተወለወለ፣ ቀጭን ዕቃ ይሠሩ ነበር፣ ያውም ያለ መንኮራኩር፣ በእጅ ብቻ። ወዙን የሚያመጡት በመወልወል ነው። ከሮማው የተለየ መንገድ ነው እንጂ ያነሰ አይደለም።

ሸክላና እሳት

እህቴ ስለ ቀዳዳው ማንም አልመለሰልሽም። ዳሩ ንጹሕ ነው ወይስ የተሰነጠቀ?

ገል አጣቢዋ (ኬንት፣ እንግሊዝ)

ንጹሕ ክብ ነው፣ በመሰርሰሪያ የተበሳ ይመስላል። ውስጡ ግራጫ ነገር አለው፣ እኔ ጭቃ መስሎኝ ነበር።

ጋሼ መዝገቡ

ጭቃ አይደለም ልጄ፣ የእርሳስ ብረት ይመስለኛል። ኩባያዋ በባለቤቷ እጅ ተሰብራ ተጠግናለች ማለት ነው። ከስብራቱ ግራና ቀኝ ይበሱና በእርሳስ ያጣብቁት ነበር፤ ብሪታንያ ውስጥ ብዙ ተገኝቷል። ወንድሜ «ሐቁን እንነጋገር»፣ በገፍ የተመረተ ነው ያልከው ዕቃ ሲሰበር አልተጣለም፤ ከባሕር ማዶ ስለሚመጣ ሌላ ማግኘቱ ቀላል አልነበረም ይሆናል፣ ወይም ደግሞ በቃ ይወዱት ነበር።

ገል አጣቢዋ (ኬንት፣ እንግሊዝ)

ተመለስኩ። ዛሬ ቅዳሜ ስለሆነ ከዚያው ጉድጓድ የወጣውን ከረጢት ሁሉ እንዳጥበው ለመንኳቸውና ፈቀዱልኝ። ሁለት ሰዓት ያህል ግራጫ ብቻ ነበር። ከዚያ አንዲት የጥፍሬን ሁለት እጥፍ የምታህል ቀይ ወጣች። ስብራቷን ከመጀመሪያዋ ስብራት ጋር አስጠጋሁት፤ ጠቅ ብሎ ገጠመ። ከመስመሩ ማዶ፣ ልክ ከመጀመሪያው ቀዳዳ ትይዩ፣ ሌላ ቀዳዳ አለ። በሁለተኛው ውስጥ እርሳሱ እንዳለ ነው፣ የታጠፈበት ጫፍ ይታያል።

የጥንት ዕቃ

እልል! እርሳሱን ግን በብሩሽ እንዳትነኪው፣ ይፈረፈራል። በሱ በኩል ውሃም አይጨመር። ሁለቱን በየራሳቸው ከረጢት አድርጊና መለያው ላይ እንደሚገጥሙ ጻፊ።

ገል አጣቢዋ (ኬንት፣ እንግሊዝ)

እሺ። አሁኑኑ እየጻፍኩ ነው።